ቆዳ ጫማ ይዤ ወደ ጎማ አገር

ከአሽዶድ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ኢየሩሳሌምን ተሳለምሽ?» ብሎ ነው። አልተሳለምኩም። ያየሁት እግር ነው። የሽማግሌ እግር፣ የወታደር እግር፣ የጸሎተኛ እግር፣ ሁሉንም ከነጫማው ጠግቤ አይቼ መጣሁ። ለንስሐ አባታችን ይህንኑ ስነግራቸው «እሱም አንድ ነገር ነው» አሉ። ፊታቸው ግን አንድም ነገር እንዳልሆነ ይናገር ነበር። ለማንኛውም ያየሁትን ሳልጨምር ልጻፈው።

የጉዞዬ ምክንያት እናቴ ናት። እናቴና አጎቴ ደሳለኝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ይለያያል። የአጎቴ የአባት ወገን ቤተ እስራኤል ስለሆነ፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ ሚስታቸውን እትዬ ብርቱካንን ይዘው ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያም በሥርዓቱ ተምረው አይሁዳዊ ሆኑና አሽዶድ በምትባል የወደብ ከተማ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም የሚተያዩት በስልክ ብቻ ነው። አጎቴ ደግሞ የስልክ አያያዝ አያውቁበትም፤ ፊታቸውን አሳያለሁ ሲሉ እግራቸውን ያሳያሉ። እግራቸው ላይ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ድሮ ነጭ የነበረ፣ ሶሉ ወፍራም ጎማ የሆነ ሸራ ጫማ።

«ወንድሜ ተቸግሯል» አለች እናቴ አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ። «ይህን ያህል ዘመን ሠርቶ እስካሁን ጎማ!»

እኛ ዘንድ የጎማ ነገር ይታወቃል። በረባሶ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ እግር ላይ ይታሰራል፤ ኮንጎ ጫማ ጭቃ ይሻገሩበታል፤ ሸራ የተማሪ ነው። ሰው የሆነ ሰው ግን ለሠርግም ለለቅሶም ለቀበሌም የተወለወለ ቆዳ ጫማ አድርጎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እናቴ ጎንደር ፒያሳ ካለ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ጥቁር ጫማ አሠራች። ሶሉም ቆዳ፣ ተረከዙም ቆዳ፤ ጎማ የሚባል ነገር በአጠገቡ እንዳያልፍ አዘዘች። ልኩን ሲጠይቃት «ከዚች ልጅ አባት እግር ትንሽ ያንሳል» አለችው። አጎቴ ለዕረፍት እንድጠይቃቸው የጥሪ ወረቀት ልከውልኝ ነበርና፣ አድራሿ እኔ ሆንኩ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ።

እሑድ

ከጎንደር አዲስ አበባ በሰላም ደረስኩ። ችግሩ የመጣው ወደ እስራኤል የሚሄደው በረራ ላይ ነው። አንዲት ወጣት ጠያቂ «ሰው ያደርሺልኝ ብሎ የሰጠሽ ዕቃ አለ?» አለችኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ «የለም» እያለ ያልፋል። እኔ ግን «አዎ፣ እናቴ ጫማ ሰጥታኛለች» አልኩ።

ጫማው ለብቻው ተወሰደ። በማሽን አሳለፉት፣ ሶሉን አጠፉት፣ በጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ሌላ ማሽን ውስጥ ከተቱት።

«ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» አለኝ አንዱ።

«እግር ነው የሚገባበት» አልኩት። እየቀለድኩ አልነበረም። የቀለድኩ መስሎት ሻንጣዬን በሙሉ አስፈታኝ።

እግሬ ላይ ያለውን የራሴን ሸራ ጫማ ግን ቀና ብሎ ያየው የለም። እናቴ ብታይ ኖሮ ተቀይማ ትመለስ ነበር።

ሰኞ

አጎቴ ከልጃቸው ከሊአት ጋር አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይ ጠበቁኝ። በስልክ የማውቀው ሸራ ጫማ አስቀድሞ ታየኝ፤ ከዚያ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። «መክሊት! አድገሻልሳ!» ብለው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ሊአት እዚያው የተወለደች ናት፤ ወታደር ናት፤ ለበዓል ፈቃድ ወጥታ ነበር። አማርኛዋ የጎንደር ነው፤ መሐል መሐል ላይ ዕብራይስጥ ይገባበታል።

በዙሪያዬ ያለውን እግር ሁሉ ተመለከትኩ። ከረቫት ያሰረ ሰውዬ፣ ከታች ሸራ። ፓስፖርቴን ያየችው ሴት፣ ከታች ሸራ። ጺማቸው ደረታቸውን የሸፈነ ጥቁር ካባ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከታች እንደ ዳቦ ያበጠ የጎማ ሶል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተቸግሯል ማለት ነው? ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ።

መንገዱ ሜዳ ነው። ከጎንደር ስንወጣ በመንገድ ዳር ሰውና አህያ እንደሚተራመሰው እዚህ የሚራመድ ሰው የለም፤ ሁሉም መኪና ውስጥ ነው። አሽዶድ ስንቃረብ የወደቡ ክሬኖች ሰማይ ላይ እንደ ግዙፍ ቀጭኔ ቆመዋል። አጎቴ የሚሠሩት እነሱ ሥር ካለ መጋዘን ውስጥ ነው። የሚኖሩት ሮቫ ዳሌት በሚባል ሰፈር ነው፤ ፎቆቹ የእኛን ኮንዶሚኒየም ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ውሃው አይጠፋም። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም።

ከበሩ ውጭ የቤተሰቡ ጫማ ተከምሯል። ሁሉም ጎማ።

«ስትተኚ ክር የሌለው ጫማ አጠገብሽ አድርጊ» አለችኝ ሊአት። «የሮኬት ሳይረን ከጮኸ ወደ መጠለያ በሩጫ ነው። ክር ስታስሪ አልጠብቅሽም።»

«አታስፈራሪያት!» አሉ እትዬ ብርቱካን ከወጥ ቤት። እሳቸው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሰው ሲያነሱና ሲያስተኙ ይውላሉ። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያመሰግኑት ፈጣሪን፣ ቀጥለው ጫማቸውን ነው።

እራት ሽሮና የተጠበሰ ዓሣ ነበር። እየበላን አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ትልቁን ወሬ ነገሩኝ። ረቡዕ ማታ የዓመቱ ትልቁ ጾም ይገባል፤ ሽማግሌዎች አስተሥርዮ ይሉታል፣ እዚያ አገር ኪፑር ነው። ጾሙ ሲገባ በጸሎት ቤቱ የተመረጡ ሰዎች የኦሪቱን ጥቅልል ታቅፈው ከመሪው ጎን ይቆማሉ። የሰፈሩ ጸሎት ቤት ምዕመናን አብዛኞቹ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። አጎቴ ግን በየማለዳው ከሥራ በፊት ሄደው በሩን የሚከፍቱት፣ ወንበሩን የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ጥቅልል እንዲይዙ ተመርጠዋል። ከእኛ አገር ሰው እዚያ ቤት ጥቅልል ይዞ የሚያውቅ የለም።

«ጺዮን የሚባል ሰው አለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በሰው ፊት 'አንተ፣ አይሁዳዊ የሆንክበት ወረቀት አለህ?' አለኝ። አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። እኔ ግን እስካሁን ሲያየኝ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል። ረቡዕ ኦሪቱን ታቅፌ ስቆም ያበቃል።»

ልቤ ሞላ። ሮጬ ሻንጣዬን ከፈትኩና ጫማውን በሁለት እጄ አቀረብኩ።

«እማዬ የላከችልዎ ነው። ረቡዕ ያድርጉት! ይዩዎት!»

አጎቴ ጫማውን ተቀብለው አገላበጡት፣ ሶሉን ዳሰሱት፣ ሳሙት። ሊአት «አባ፣ ግን እኮ» ብላ ጀመረችና «አይ!» ብላ ዘለለች። እትዬ ብርቱካን የሞላውን ሳህኔን አይተው «እንጀራ ልጨምርልሽ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አጎቴ በመጨረሻ። «አደርገዋለሁ።»

በደስታ መዋጣቸው ነው ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሊአት ባሕር ወሰደችኝ። ጫማዬን አሸዋ ላይ አስቀምጬ እግሬን ብቻ ነከር አደረግሁ፤ ማዕበሉ ከኋላዬ ዞሮ መጥቶ የጫማዬን አንድ እግር ይዞት ሄደ። የጣና ውሃ እንዲህ ዓይነት ብልግና የለውም። ፀሐይ ሲሞቁ የነበሩ ራሰ በራ ሽማግሌ በሩሲያኛ እየተራገሙ ውሃው ውስጥ ገብተው ጫማዬን አወጡልኝ፤ ውሃውን አራግፈው ሰጡኝና ርግማናቸውን ቀጠሉ። ከዚያ የበለጠ ደግነት በጨዋ ቋንቋም አላጋጠመኝም።

እርጥብ ጫማ እየጎተትኩ ወደ ገበያ ሄድን። አንድ የጫማ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሸራ ጫማ በትልቅ የሽቦ ቅርጫት ተከምሯል። ሰው እንደ በዓል ዋዜማ ዶሮ እያነሳ እየመዘነ ይጥላል።

«ምን ሆነው ነው? ጫማ ሊጠፋ ነው?»

«ለኪፑር ነው» አለች ሊአት። «በኪፑር ቆዳ ጫማ አይደረግም።»

«የት ነው የማይደረገው?»

«እግር ላይ። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ገላ አይታጠቡም፣ ቆዳ ጫማ አይደረግም። ምቾት ነው አሉ። ቆዳ ጫማ ይመቻል ያለው ሰውዬ የእኛን የጦር ቡትስ አድርጎ አያውቅም።»

«አጎቴ ያውቃሉ?»

«አባ? እሱ እኮ ነው ለአዲስ መጪ የሚያስተምረው!»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ እንግዳ ነሽ፤ የላከችው እህቱ ናት። እንዴት ይንገርሽ? እማ እኔን በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። እስካሁን ያመኛል።»

«እና ነገ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ያደርገዋላ። አባን አታውቂውም። ዓሣ አንዳንዱ አይስማማውም፤ አንድ ጊዜ ጎረቤት የሰጠችውን ፊቱ እስኪያብጥ በልቶ 'ይጣፍጣል' አላት። ከዚያ በየሳምንቱ አመጣችለት።» ሊአት ቅርጫቱን በእግሯ ገፋችው። «አንቺ ንገሪው። 'አጎቴ፣ ተዉት' በዪው፣ አለቀ።»

«እኔ? አጎቴን? የእናቴን ስጦታ?»

«ማ ፒትኦም! ምን ነካሽ! እሱ ያውቃል፣ ዝም ይላል። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዝም ትያለሽ። ነገ ጺዮን እግሩን ሲያይ ምን ሊል ነው? 'አላልኳችሁም? ይህንን እንኳ አያውቅም' ነው የሚለው። ይኼ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

«ይሉኝታ ነው» አልኩ።

«መድኃኒት የለውም?»

ያን ዕለት ማታ ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ እንጀራ ጨመሩልኝ።

ረቡዕ

ሲነጋ ዘዴ አገኘሁ። የአጎቴን ሸራ ጫማ ከደጃፉ ክምር አነሳሁ። ቆሽሿል፣ ግራጫ ሆኗል። ኦሪት የሚያቅፍ ሰው በዚህ አይቆምም። ስለዚህ አጥቤ በረዶ አስመስዬ ሳላወራ ቦታው ልመልሰው፤ አጎቴ ሲያዩት ልባቸው ወደሱ ይሄዳል፣ እኔም ምንም አልናገርም፣ እሳቸውም ምንም አይሉም። ማንም ሳያፍር ነገሩ ይፈታል ብዬ አሰብኩ።

ሸራ ማጠብ ደግሞ የተማሪ ሁሉ ሙያ ነው። በዱቄት ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፤ ሲደርቅ ቢጫ እንዳይጥል በሶፍት ወረቀት ዙሪያውን ጠቀለልኩት፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ውጭ ካለው የልብስ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ጎንደር ቢሆን ምሳ ሳይደርስ ድርቅ ይል ነበር። የአሽዶድ አየር ግን ራሱ እርጥብ ነው፤ ባሕሩ ሌሊትና ቀን ይተነፍስበታል። በዘጠኝ ሰዓት ስነካው ሶሉ ውስጥ ውሃው እንዳለ ነው። ከጾሙ በፊት ያለውን የመጨረሻ ምግብ ስንበላም እንዳለ ነበር።

አጎቴ ነጭ ልብስ ለብሰው ወጡ። ወደ ደጃፉ ሄደው ክምሩን ማገላበጥ ጀመሩ። አንዱን ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ከሥር ያያሉ።

«የሚፈልጉት ነገር አለ፣ አጎቴ?»

«ኧረ ምንም! እንዲያው ደጁን ላስተካክል ብዬ ነው።»

ሸራው ገመድ ላይ ነው ብላቸው ማወቄን ያውቃሉ። የት ሄደ ቢሉኝ ቆዳውን ማድረግ እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። ሁለታችንም የጫማ ክምር እያየን ቆምን። በመጨረሻ አጎቴ ተነፈሱና ጥቁሩን ቆዳ ጫማ አጠለቁ።

«እንግዲህ እንውረድ» አሉ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በዚያ ፎቅ ደረጃ ላይ የቆዳ ሶል ድምፅ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሌላው ሁሉ ያለድምፅ እንደ ድመት ነው የሚወርደው። በየፎቁ በር ተከፍቶ ሰው ብቅ አለ። አጎቴ ቀስ ብለው፣ እንደ ጳጳስ እየተራመዱ ወረዱ። እትዬ ብርቱካን ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሊአት በጆሮዬ «ፋዲሓ፣ ፋዲሓ» ትላለች፤ ውርደት ማለት ነው።

መንገዱ ጭር ብሏል። መኪና ሁሉ ቆሟል፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በጎማ ጫማ ይጎርፋል። ጸሎት ቤቱ ድሮ የቦምብ መጠለያ የነበረ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ማዕዘኑን ስንዞር በሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰው መጽሐፍ ሲያድል አየን።

«ጺዮን» አለች ሊአት።

አጎቴ አልቆሙም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«አጎቴ! ያውልቁት!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። አጎቴም ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«ጫማውን ያውልቁ። ዛሬ ቆዳ አይሆንም። ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«የእናትሽ ስጦታ እኮ ነው...»

«እናቴ አታውቅም! እኔም አላውቅም ነበር። ሸራዎን አጥቤው ገመድ ላይ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ያውልቁት!»

«አጠብሽው?» አሉ አጎቴ። «እኔ ሌባ መጥቶ ነው ብዬ...»

«እሰይ!» አሉ እትዬ ብርቱካን። «ከሰኞ ጀምሮ ታፍኜ ልሞት ነበር! አውልቅ፣ አንተ ሰው! ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው!»

ሮጥኩ። አራት ፎቅ ወጣሁ፣ ከገመዱ መነጨቅሁት፣ ወረድኩ። ስመለስ አጎቴ የመንገድ ጠርዝ ላይ በካልሲ ተቀምጠዋል፤ ቆዳው ጫማ በእትዬ ብርቱካን ነጠላ ተሸፍኗል፣ እንደ ሬሳ። ሸራው ላይ ሶፍቱ ተጣብቆ ቀርቷል። ልልጠው ስሞክር ይበጣጠሳል። «ተዪው» ብለው እግራቸውን አስገቡ። ውሃው በጎን ተንቆረቆረ።

እኔ፣ ሊአትና እትዬ ብርቱካን ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባን። በሩ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ልማዴ ጫማዬን ሳወልቅ፣ አንዲት የሞሮኮ አሮጊት እጄን መትተው መልሰው አስደረጉኝና ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። በሴቶችና በወንዶች መካከል መጋረጃ አለ። መጋረጃው ግን መሬት አይደርስም፤ አንድ ክንድ ያህል ያጥረዋል። ስለዚህ የኪፑርን ጸሎት ያየሁት በእግር ነው። የተበሳሳ የጎማ ጫማ፣ የገላ መታጠቢያ ነጠላ ጫማ፣ የሩጫ ጫማ፣ ዳይኖሰር ያለበት የልጅ ጫማ፣ ሁሉም ከተተኮሰ ነጭ ሱሪ ሥር። ሠርግ ላይ ያሉ ሰዎች ጎርፍ የመጣባቸው ይመስል ነበር።

«ያ ዓሣ ያለበት ጺዮን ነው» አለች ሊአት በሹክሹክታ። ሰማያዊ የባሕር ዳርቻ ጫማ ነው፤ በየእግሩ ላይ ቢጫ ዓሣ ይስቃል።

ከዚያ ጸጥ አለ። ስም ተጠራ። በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ይሰማ ጀመር፤ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። የአጎቴ ሸራ ጫማ በምንጣፉ ላይ ውሃ እያተመ ወደ ፊት ሄደ። ዓሣዎቹ ወደ ድምፁ ዞሩ። አጎቴ ካለፉ በኋላ ረጅም የሶፍት ቁራጭ ምንጣፉ መሐል ቀረ፤ ነጭ፣ እርጥብ፣ ለሁሉም የሚታይ።

አንደኛው ዓሣ ተነሳ። ቀስ ብሎ ሶፍቱን ረገጠና እየጎተተ ከወንበሩ ሥር ደበቀው።

መሪው መዘመር ጀመረ። አጎቴ አልተንቀሳቀሱም። ሸራው ጫማ ፊት ለፊት ገጥሞ እንደ ችካል ቆሟል። እትዬ ብርቱካን በመጋረጃው ሥር እያዩ ያለቅሳሉ። ሲያበቃ ጭቅታው ተመለሰ፤ ዓሣዎቹም ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ለእርጥቡ ጫማ ቦታ ሰጡት።

ሐሙስ

መኪና በሌለበት ሰፊ መንገድ ላይ የሰፈሩ ልጆች በብስክሌት ይከንፋሉ። እኔም አብሬ ጾምኩ። ጾም እኛም እናውቃለን ብዬ ተኩራርቼ ነበር፤ ውሃ ጭምር መሆኑን ስሰማ ኩራቴ ከሰዓት በኋላ ደረቀ።

ከጸሎት መልስ ከአጎቴ ጋር የመንገዱ አካፋይ ላይ፣ ሌላ ቀን መኪና የሚገድልበት ቦታ ተቀመጥን።

«ደጃፉ ላይ አውልቄ በካልሲ ልገባ ነበር» አሉ። «ኦሪት ታቅፎ በካልሲ! አስቢው።»

«ጺዮን ምን አሉዎት?»

«'እግርህ ረጥቧል፣ ብርድ እንዳይመታህ' አለኝ። ሌላ ምንም። ካልሲም ከቤቱ አመጣልኝ።» እግራቸውን ዘረጉ። «መክሊት፣ ዛሬ ውሸት አይነገርምና ልንገርሽ። ጫማው ይጠባል።»

«ይጠባል?»

«አውራ ጣቴ ታጥፎ ነው የወረድኩት።»

«እኔ እኮ እንደ ጳጳስ ሲራመዱ ክብር መስሎኝ!»

«ስቃይ ነው» አሉና በባዶ ሆዳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም እውነት መናገር ስለጣመኝ፣ እንጀራ ሲጨመርልኝ የሰነበተው ጠግቤ ሳለ መሆኑን ነገርኳቸው።

ዓርብ

መሄጃዬ ነው። ሻንጣዬ ተዘግቷል። ለስንብት እናቴ ዘንድ ደወልን። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እስቲ እግርህን አሳየኝ!» አለች።

አጎቴ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እህቴ» አሉ፣ «ጠቦኛል።»

እናቴ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ጠቦኛል ነው ያልከው?»

«አዎ። ደግሞ ተቸግሬ አይደለም ጎማ የማደርገው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ነው የምቆመው። ጉልበቴን ያቆየልኝ ጎማ ነው። እወደዋለሁ።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለች እናቴ ድምፅዋ ከፍ እያለ፣ «እኔም ልንገርህ! የጨው ባሕር ቅባት እያልክ የምትልክልኝ ፊቴን እሳት ነው የሚያደርገው። ለጎረቤት ሰጠሁት። እሷም በሯ ሲጮህ ማጠፊያውን ትቀባበታለች!»

«በር? ያንን ቅባት በር ላይ?»

«ጸጥ አድርጎታል! አንተ ግን እግርህ መቼ ነው ያደገው?»

«እግሬ አላደገም፣ አንቺ ነሽ የረሳሽው!»

«አንተ ሄደህ ነዋ የረሳሁት!»

«ብሄድስ? በስልክ 'የእግርህ ቁጥር ስንት ነው?' ማለት ምን ይከብዳል?»

«አንተስ 'ቅባቱ ተስማማሽ ወይ?' ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እትዬ ብርቱካን ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «እየተጣሉ ነው እንዴ?» አሉ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሁለቱ በስልክ ሲመራረቁ፣ ሲማማሉ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ሲባባሉ ነው የሰማሁት። ሲጮሁ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። አጎቴ አገር ለቀው የሄዱ ሰው አይመስሉም፤ ከጎረቤት ክፍል ሆነው የሚጨቃጨቁ ይመስሉ ነበር።

ሊአት የመኪናውን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰዓቷን አየችና «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ አውሮፕላንሽ ያመልጥሻል። ላቋርጣቸው?» አለችኝ።

«ተዪያቸው» አልኳት። «አውሮፕላን ሌላም አለ።»